ከሥራ መልስ የሚደረስ ለቅሶ

የነቀምቴ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ማባሪያ የለውም። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያዘኝና ገበያው ዳር አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልሁ። የእድራችን ዳኛ አቶ መሸሻም እዚያው ቆመው አገኘኋቸው። የተከበሩ፣ ግን ከያዙት ነገር ፈቀቅ የማይሉ ሽማግሌ ናቸው። እኔም ሳስተምር ውዬ ጉሮሮዬ ደርቆ ስለ ነበር ሰላምታ ሰጥቼ ዝም ለማለት አስቤ ነበር። አልሆነልኝም።

«መምህር፣ እሑድ ድርቤን ከእድሩ እንሰርዛታለን፤ እንዳይቀሩ» አሉኝ።

ድርቤ ባሏ የሞተባት፣ ቡና መጋዘን ቡና እየለቀመች የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናቷን የምታስታምም ሴት ናት። እናትየዋ ዛሬ ነገ የሚባልላቸው ነበሩ። እድር ከሌላት ማን ይቀብርላታል?

«ምን አጠፋች?» አልኋቸው።

«ለቅሶ እየቀረች አስቸገረችን። ሴት ከቀብር እስከ ሠልስት ከጠዋት ጀምራ ለቅሶ ቤት ትዋል ይላል ደንቡ።»

«እሷ እኮ ከጠዋት ጀምራ መጋዘን ናት። አንድ ቀን ብትቀር በቦታዋ ሌላ ሰው ይገባል።»

«እናቶቻችን ሥራ አልነበራቸውም?»

«ነበራቸው። ሥራቸው ግን ጓሯቸው ነበር። ዛሬ ያልታረመ ጎመን ነገ ይታረማል፤ ጎመን ሰው አያባርርም። የመጋዘን አለቃ ግን ያባርራል።»

«ለአንዷ ከፈቀድን ሁሉም ሥራ አለኝ ይላል። ሬሳ ታቅፈን ልንቀር ነው!»

ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ለዚህም ነው ልቆጣቸው ያልቻልሁት። በዚህ መካከል ድርቤ ራሷ ጆንያ ተከናንባ ከመጋዘን ስትመለስ አየችንና ቀረብ አለች።

«አከም ኦልተን፣ ኦቦ መሸሻ? አከም ኦልተን፣ መምህር?» ብላ በአገሯ ቋንቋ እንዴት ዋላችሁ አለችና እጅ ነሳች። የሚጠብቃትን ሰምታለች። «ቀን አልችልም፣ አባቴ። ከሥራ ስወጣ ግን ልምጣ። ውሃ ልቅዳ፣ ዕቃ ልጠብ፣ ከሐዘንተኛው ጋር ላምሽ። እናቴን ግን አደራ፣ ሰው እንደሌላት አታድርጉብኝ።»

«ለቅሶ የሚደረሰው በቀን ነው» አሉ አቶ መሸሻ፣ ፊቷን ሳያዩ።

እንዲህ ያለውን ነገር መናገር አልወድም፤ ግን ተናገርሁ። «አቶ መሸሻ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ እማዋይሽ ያረፉ ጊዜ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሲመሽስ ማን ነበር?»

«ማንም» አሉ ሽማግሌው። «ልጆቼ ከጊምቢ አልደረሱም ነበር። ሁሉም እግዜር ያጥናህ ብሎ ሄደ። እሳት የሚያነድልኝ አጥቼ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ለሰው አልተናገርሁትም።»

«ታዲያ በዚያ ሰዓት እመጣለሁ የሚልን ሰው እንሰርዛለን?»

ድርቤ አቀርቅራ ቆማለች። አቶ መሸሻ ጭራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። «ሂጂ ልጄ፣ እናትሽ ብቻቸውን ናቸው። እሑድ እኔው እናገራለሁ» አሉ።

እሑድ አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ደንቡ ግን ተሻሻለ። ቤት የሚውል ቀኑን ይያዝ፣ ተቀጥሮ የሚሠራ ምሽቱን ይያዝ ተባለ። በዚህም ሠራተኛው እንጀራውን ሳያጣ ወገኑን ይረዳል፤ ሐዘንተኛውም ሰው በሚርበው ሰዓት ሰው ያገኛል፤ እድሩን ይሸሹ የነበሩ ወጣቶችም ይመለሳሉ። አንባቢ ሆይ፣ ኑሮ ሲለወጥ ባለበት የሚቆም ደንብ የሚጎዳው ሊረዳቸው የተሠራላቸውን ሰዎች ነው። ይህን ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደምንደክም እግዚአብሔር ይወቀው።

በዚያው ሳምንት የእድራችን አባል ኦቦ ገቢሳ ዐረፉ። ድርቤ የቡና ገለባ ከቀሚሷ ሳይራገፍ መጣች፤ ውሃ ቀዳች፣ ዕቃ አጠበች፣ ከሟች ባለቤት ጎን ተቀመጠችና እንቅልፍ ወሰዳት።

«ለቅሶ ቤት እንቅልፍ!» ብላ አንዷ ልትጎነትላት ስትል አቶ መሸሻ ከለከሏት።

«ተያት» አሉ። «መጥታለች።»