ጆሮና መለኪያ

ባለጆሮው መካኒክ በመለዋወጫ መደብሩ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው ሲከራከሩ የወንድማቸው ልጅ ከኋላቸው ደረሰች። ቀጠሮ አልነበራቸውም፤ እሷ የመጣችው ለቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዎቿ የአየር ቱቦ ልትገዛ ነው።

ቅጽል ስሙ ለእሳቸው በከንቱ አልወጣላቸውም። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከዚያ ይፈርዳሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፍርዳቸው ላይ ይግባኝ ያለ የለም። ከእጃቸው የወጣ ሞተር ደግሞ ዝምታው ስለሚያስደንቅ፣ «እሳቸው የነኩት መኪና መነሳቱ የሚታወቀው ሲሄድ ነው» ይባልላቸው ነበር።

«ሦስት ሳምንት?» አሉት ባለመደብሩን። «ሴትዮዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእግሯ ትሂድ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ፤ ፋሻው ታዞ ነው የሚመጣው።»

ፋሻ የሚሉት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰውን ፒስተን ዙሪያውን የሚያቅፈውን የብረት ቀለበት ነው። ሴትዮዋ ደግሞ አዋላጅ ነርስ ናት። ከዳገቱ ማዶ ላሉት እርጉዞች የምትደርስላቸው በአንዲት ያረጀች መኪና ነው። ያቺ መኪና ሰሞኑን መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ዳገቱንም እምቢ አለች። ባለጆሮው አዳምጠው «ፋሻዋ አልቋል፤ ሞተሩ ወርዶ ይፈታል» ብለው ፈረዱ። ከዳገቱ ማዶ ግን በዚያው ሳምንት ሁለት እናቶች ቀናቸው ደርሶ ነበር።

«አጎቴ፣ እንደምን ዋሉ?» አለች መምህርቷ። «በነገራችሁ ስለገባሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፋሻው ማለቁን በምን አረጋገጡ?»

«በምን ትለኛለች! በዚህ ነዋ!» ብለው የጆሯቸውን ጫፍ ጎተት አደረጉ።

«ጆሮዎን አልጠረጠርኩም። ሞተሩ አቅም እንዳጣ ነግሮዎታል፤ እውነት ነው። ግን የታመቀው አየር በየት በኩል እንደሚያመልጥ ነግሮዎታል?»

ባለጆሮው የጆሯቸውን ጫፍ ለቀቁት። እውነቱን ለመናገር፣ አልነገራቸውም። አሮጌ ሞተር ሲደክም ፋሻ ነው ማለት የቆየ ልማዳቸው ነበር፤ ልማድ ደግሞ ሲቆይ ማስረጃ ይመስላል።

«ሲሊንደር እኮ እንደ ድስት ነው» ብላ ቀጠለች። «እንፋሎቱ በክዳኑ ዙሪያ ሊያመልጥ ይችላል፤ ከታች ተበስቶም ሊሆን ይችላል። ክዳኑ አልገጥም ባለ ቁጥር ድስት አንጥልም። ሞተርም አየር የሚያስገባና ጭስ የሚያስወጣ በር አለው፤ ቫልቮቹ ማለቴ ነው። በሮቹ በደንብ ካልተዘጉ ግፊቱ ያመልጣል። ከሞተሩ ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ከተቃጠለም ያመልጣል። ታዲያ የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ ለምን እንፈታለን? ‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ› እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«እሱን ያልኩሽ ለሰው ነገር ነው።»

«ለብረትም ይሠራል፣ አጎቴ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ፤ መጽሐፍ የሞላውን ቦርሳዋን በአገጫቸው እያመለከቱ።

«ወረቀቱስ እኔ ዘንድ ነው፤ ሞኙ ማን ይሁን?»

ባለመደብሩ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ባለጆሮውም ሊቆጡ ሲሉ ሳቅ ቀደማቸው። ይህች ልጅ ብሎኖቻቸውን በመጠን በመጠናቸው እየለየች በግቢያቸው ያደገች ናትና ልባቸው አይጨክንባትም።

«አንድ ግማሽ ቀን ይስጡኝ» አለች። «ፋሻ ሆኖ ከተገኘ ቱታ ለብሼ ሞተሩን አብሬዎት አወርዳለሁ።»

ጋራዥ የሚባለው የመኖሪያ ቤታቸው ግቢ ነው፤ በአንድ በኩል የልብስ ማስጫ ገመድ፣ በሌላው የሞተር ማንሻ ሰንሰለት ተንጠልጥሎበታል። ሞተሩን አሙቀው አጠፉት። መምህርቷ ነዳጁን የሚለኩሱትን አራቱን ካንዴላዎች ፈታች፤ ብልጭታ እንዳይኖርም ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ብቻ ነቀለች። ከቦርሳዋ ያወጣችውን የግፊት መለኪያ በመጀመሪያው ካንዴላ ቀዳዳ አጥብቃ፣ «ነዳጁን እስከ ጥግ ረግጠው ቁልፉን ያዙሩልኝ» አለቻቸው።

ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አጓራ። «አሁን ወርደው እርስዎ ያንብቡት፤ እኔን አይመኑኝ።»

አሥራ ሁለት ይላል። ሁለተኛውም አሥራ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ፤ አምስት። አራተኛው አሥራ አንድ ተኩል።

«አየሽ! ሦስተኛው ፋሻውን ጨርሷል!»

«ይቆዩ እስቲ፤ ፋሻ ከሆነማ ዘይት ይመሰክራል።» በሦስተኛው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨመረች። «ዘይቱ በፋሻው ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍነዋል። ጥፋቱ የፋሻው ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል።»

ቁልፉን አዞሩ። ወርደው አዩ። አምስት፤ ንቅንቅ አላለም።

ባለጆሮው ቀና ብለው ሰንሰለቱን አዩት። በዚያ ሰንሰለት ስንት ሞተር አውርደዋል! ከነዚያስ ውስጥ ስንቱ ሳይወርድ ይድን ነበር? ሐሳቡ ደስ አላላቸውም።

የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም ብላ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቀቻቸው። ከዚያ ሦስተኛውን ፒስተን ሁለቱም ቫልቮች በሚዘጉበት ከፍታ አቁማ፣ ማርሽ አስገብታ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። «አሁን ጆሮዎን እፈልገዋለሁ» አለች። «ከኮምፕሬሰሩ አየር በቀዳዳው ቀስ አድርጌ እለቃለሁ። በዘይት መሙያው ከነፈሰ ፋሻ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካስነሳ ጋስኬት ነው። በአየር ማስገቢያው ከተሰማ አንደኛው ቫልቭ፣ በጭስ ማውጫው ከተሰማ ሌላኛው ነው።»

ባለጆሮው በዘይት መሙያው ላይ አጎነበሱ፤ ምንም። የራዲያተሩ ውሃ እንደ ተኛ ነው። አየር ማስገቢያውም ጭጭ። ከመኪናዋ ኋላ ሄደው በሆዳቸው ተኙና ጆሯቸውን ወደ ጭስ ማውጫው አስጠጉ። ትስስስ ይላል።

«እዚህ ነው! እዚህ ጋ ነው!» ብለው ጮኹ። እንዲህ ያለ ደስታ ለሥራቸው ከተሰማቸው ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

የቫልቮቹን ሽፋን አነሱ። መምህርቷ ከመጽሐፉ ልኩን አይታ አንዲት ስስ የብረት ቅጠል ሰጠቻቸው። «በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል ይህች ልትገባ ይገባል።» በሌሎቹ ሁሉ ገባች። በሦስተኛው የጭስ ቫልቭ ላይ ግን የምትገባበት ክፍተት አልነበረም።

«ይህ በር ሁልጊዜ ገርበብ እንዳለ ነው» አለች። «ይህን ያህል ማን አጠበቀው?»

ባለጆሮው ጎማ ላይ ተቀመጡ። ከሦስት ወር በፊት ይህች መኪና ቀጭን ኳኳታ ነበራት። «እኔ ነኝ» አሉ። «ዝም እስክትል አጠበቅኳት። የሚንኳኳ ሞተር ከእጄ ሲወጣ ያሳፍረኛል።»

«ያች ኳኳታ እኮ ቫልቩ ሲሞቅ የሚረዝምባት ቦታ ናት፣ አጎቴ። ዝም ስናሰኛት ቦታውን ነሣነው።»

ሠላሳ ዓመት የኮሩበት ዝምታ በሽታ ሆኖ ሲገኝ ምን ይባላል? ባለጆሮው አፈሩ፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ተንበረከከች። «ሳይቃጠል በቅጠል ሳንደርስበት አልቀረንም። ይነሱና ልኩን በእጅዎ ይስጡት። የእርስዎን ያህል የለሰለሰ እጅ እኔ የለኝም።»

ተነሱ። ቅጠሏ ስትሳብ ጥቂት ያዝ እስክታደርግ ድረስ ብሎኑን በጥንቃቄ አላሉ። መለኪያው ተመልሶ ገባ፤ ቁልፉ ዞረ፤ ወርደው አዩ። አሥራ አንድ።

ይህን ጊዜ አዋላጇ ቦርሳዋን አንግባ በበሩ ገባች። መምህርቷ የአጎቷን ጥፋት ልትሸፍን «መኪናዋ ስላረጀች ነው» ብላ ስትጀምር ባለጆሮው በእጃቸው አስቆሟት።

«የለም፤ እኔ ነኝ። እህቴ፣ መኪናሽን ያሳመምኳት እኔ ነኝ። ሳልለካ አጠበቅኩ፤ ሳልለካም ፈረድኩ። ፋሻሽ ደኅና ነው፤ ሞተሩ አይወርድም። ዛሬውኑ ውሰጃት።»

አዋላጇ ቁልፉን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። «ከሰው ስህተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም፣ ጋሼ» አለች። «እኔም በሥራዬ ሆድ አይቼ ብቻ አልፈርድም። መጀመሪያ እለካለሁ፤ ከዚያ አዳምጣለሁ።»

ባለጆሮው ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይለኩ አንድ ብሎን አልፈቱም። ለሚመጣ ሹፌር ሁሉ መለኪያውን ራሱ እንዲያነብ ይሰጡታል፤ በየቤቱም እንዲሞክረው ያስተምሩታል። «ግማሽ ቀን መለካት ወር ሙሉ ከመፍታት ያድናል» ይላሉ። «መለኪያው ግፊቱ መጥፋቱን ይነግርሃል፤ አየሩ ጆሮህን ይዞ ቀዳዳው ዘንድ ያደርስሃል። መለኪያውንም ጆሮህንም አብረህ ያዝ።» ሰንሰለቱም ሥራ ፈትቶ፣ ዛሬ ልብስ ይሰጣበታል።

መኪናዋ በተሠራች ማግስት አዋላጇ ዳገቱን ስትወጣ አንድ ጎረቤት ሹፌር ከባለጆሮው ደጅ ቆሞ አዳምጦ ነበር። «ጋሼ፣ ያቺ መኪና ቀጭን ኳኳታ አላት እኮ! ጆሮዎ ደከመ እንዴ?»

ባለጆሮው ድምፁ ከዳገቱ ማዶ እስኪጠፋ ጠበቁ። ደረታቸውን ነፉና፣ «የወንድሜ ልጅ ናት ልኩን ያሳየችኝ» አሉ። «ያቺን ኳኳታ አውቄ የተውኳት እኔ ነኝ።»