በወርቅ ክር የታሰረ ጥርስ

ካፊያው ፒያሳን ጭጋግ አልብሷት፣ ሰውም ሕንፃውም ውሃ ውስጥ የሚታይ ይመስል ነበር። አርባ ዓመት ወርቅ ሲያነጥሩ የኖሩት ጋሽ ተስፋልደት ከራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አንድ ሱቅ በር ላይ ተጠልለው፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው በሐሳብ ነጉደዋል። እንደ ድሮው ቆሎ ሲቆረጥሙ ይታያቸዋል።

ጥርስ ክሊኒክ የምትሠራው የጎረቤታቸው ልጅ ምኞት ልትጠለል ስትጠጋ አየቻቸውና ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። ምን አከሳዎት ብትላቸው ስኳር ነው አሉ። ቀስ እያሉ ግን ሁሉንም አወጡት፦ ማኘክ ስላቃታቸው ዳቦ በጣፋጭ ሻይ እየነከሩ ይውላሉ፤ መድኃኒት እየወሰዱም ስኳሩ አልወርድ ብሏል፤ ሐኪማቸውም በዚህ ከቀጠሉ እግራቸውን እንደሚያጡ አስጠንቅቋቸዋል። ከዚያ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። የተነቃነቁት አራት የፊት ጥርሶች በቀጭን የወርቅ ክር ተጠፍረዋል፤ ድዱ አብጦ መግል ቋጥሯል።

"ማን ነው የሠራልዎት?"

"ራሴ ነኛ። የስንቱን ሙሽራ ጣት ያሳመርኩ ሰው ለገዛ አፌ አንሳለሁ?"

ምኞት ሳቋን ዋጠች። ድዱ እንዲህ እስካመረቀዘ ስኳሩ በቀላሉ እንደማይወርድ፣ ስኳሩ ካልወረደም ድዱ እንደማይድን አስረዳቻቸው። ጥርሶቹ መነቀል አለባቸው ስትል ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ አይደርቅም ይባላል። ደግሞስ ልጄ፣ ጥርስ በሕልም ሲወልቅ እንኳ ዘመድ ይሞታል። በእውን ሲነቀልማ ማን ሊተርፍ ነው?"

"እስካሁን ስንት ወለቀብዎት?"

"አሥራ አንድ።"

"ዘመዶችዎስ?"

ትንሽ አሰቡ። "ሁሉም አሉ። አንዳንዱማ እኔንም ይቀብረኛል።"

"የቁስሉ ፍርሃት ግን ከንቱ አይደለም ጋሼ፤ ያለ ዝግጅት ከሆነ እውነት ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ስኳሩና ግፊቱ የሚታየው፤ ሐኪምዎና የጥርስ ሐኪሙም ይመካከራሉ። ለመሆኑ እርስዎ እድፍ ያለበትን ወርቅ ሳያጸዱ ይበይዳሉ?"

"አይይዝማ።"

"አፍም እንደዚያው ነው።"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው መለሱ። ከዚያም ክሊኒኩ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቋት። እሷም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ፣ ቁርሳቸውን በልተው እንዲመጡ ነገረቻቸው።

የወርቅ ክሩ ተፈትቶ ድዱ ሲጸዳ፣ ሐኪማቸውም መድኃኒቱን ሲያስተካክል ስኳራቸው ረገብ አለ፤ ጥርሶቹም ሁለት ሁለት እየሆኑ ተነቀሉ፤ ቁስሉም ደረቀ። ከወራት በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላቸው፤ ማታ እያወለቁ ያጥቡታል። ዳቦና ሻዩ ቀርቶ ጎመንና ባቄላ ማኘክ ጀመሩ። የአፍ ሕመም አፍ ውስጥ ብቻ እንደማይቀር፣ እርጅናም ከሕክምና እንደማያግድ ያኔ ገባቸው።

በቀጣዩ ቀጠሮ የስኳር ሐኪማቸው እግራቸውን ጣት በጣት ዳስሶ፣ እግርዎ ደህና ነው፣ ጫማዎን ያድርጉ አላቸው። ጋሽ ተስፋልደት ታክሲ አልጠበቁም፤ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ዳገቱን በእግራቸው ወጡት።