ሙርሺድ ይሰለፍ ወይስ ይረፍ?

የጅማ ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ያን ቀን ከመርካቶ ወደ ጊንጆ የተሳፈርኩባት ባጃጅ መንገድ ላይ ጎርፍ ገብታ ቀጥ አለች። አብራኝ የተሳፈረችው ወጣት ማንም ሳይጠይቃት ሱሪዋን ወደ ጉልበቷ ሰብስባ ወረደችና ከሾፌሩ ጋር ትገፋ ጀመር። እኔም «መምህር ነኝ» ብዬ ተቀምጬ መገፋቱ ስላሳፈረኝ ወረድኩ። ሦስታችን እየረጠብንና እየሳቅን ባጃጇን በአቅራቢያችን ወዳየነው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስገባናት። ቦታው የሙርሺድ ጋራዥ ነበር።

ሙርሺድ በሥራ ቀን ባጃጅ ጠጋኝ ነው። እሁድ ግን የጊንጆ ብርሃን ቡድን አምበልና አጥቂ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ሰባት ደርሷል። ቢሆንም ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት ባሉት የቡና ከተሞች ሁሉ፣ እሱ ኳስ ሲነካ ተመልካች ማስቲካ ማኘኩን ያቆማል ይባላል። በዚያ ዓመት ቡድኑ በከተሞቹ መካከል በሚደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በሚመጣው እሁድ ከአጋሮ ጋር ሊጋጠም ነበር። እዚህ ያደረሰው ግብ የሙርሺድ ነው፤ ግቡን ካገባ ጥቂት ቆይቶ ግን እየሮጠ ሳለ በድንጋይ እንደተመታ ሰው የጭኑን ጀርባ ይዞ ወደቀ። ጡንቻው ተሰንጥቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ በከተማው ውስጥ «ለአጋሮው ጨዋታ ይደርሳል?» የማይል ሰው አልነበረም።

ወደ ጋራዡ ስንገባ ሙርሺድ ዱካ ላይ ተቀምጦ የአዲስ ታኬታ ማሰሪያ ይቋጥራል። ከፊቱ ኦቦ ጀቤሳ ቆመዋል። ኦቦ ጀቤሳ የታወቁ የቡና ነጋዴ፣ በወጣትነታቸውም የማይታለፉ ተከላካይ የነበሩ፣ ዛሬ ደግሞ የቡድኑ ሊቀ መንበር ናቸው። ታኬታውን ገዝተው ያመጡት እሳቸው ነበሩ።

አብራኝ የገፋችው ወጣት ይህን ስታይ ቆማ ቀረች።

«ጋሽ ሙርሺድ! እግርህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ሙርሺድ ከረሜላ ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ እግሮቹን ወደ ዱካው ሥር ሰበሰበ። «ጽዮናዊት! አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ? ልኩን ለማየት ብቻ ነው፣ ወላሂ።»

ለካ ጽዮናዊት ሕክምናውን የምትከታተለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ኖራለች። ገና ሁለት ሦስት ሳምንት ሳያርፍና ሳይለማመድ ኳስ እንዳይነካ ነግራው ነበር።

ኦቦ ጀቤሳ በትሕትና እጃቸውን ዘረጉላት። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ። ያረጠበሽ ዝናብ ለእኛ በጀን፤ እንነጋገር። እኔ የምለው ይሰለፍ ነው። አንቺ አይሰለፍም ትያለሽ። መምህሩም ይስሙን።» እኔን በከተማው ያውቁኛል።

ሾፌሩ ባጃጁን መፈታታት ሲጀምር እኔ የጎማ ቁልል ላይ ተቀመጥኩ። የሙርሺድ ባለቤት ዙሀራም ክርክሩን ሰምታ ከጓሮ ብቅ አለችና የበሩን መቃን ተደግፋ ቆመች።

«በእኛ ጊዜ፣» አሉ ኦቦ ጀቤሳ፣ «አሞኛል ብሎ የሚቀመጥ ተጫዋች አልነበረም። ነጠላ ቀደን ጭናችንን እናስርና እንገባለን። ሕመሙ ሜዳ ላይ ይረሳል።»

«ይረሳል፣ እውነት ነው፣» አለች ጽዮናዊት። «ኦቦ ጀቤሳ፣ ከእርስዎ ጋር ይጫወቱ የነበሩት ሰዎች ዛሬ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው! ሀቢቡላህ አለ… እሱ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ሌላው ደግሞ ደረጃ መውጣት አይችልም እንጂ ጤነኛ ነው። እኔም ለሰላት ጎንበስ ስል ጉልበቴ ትንሽ…» አሉና ጉልበታቸውን ያሻሹ ጀመር። ዙሀራ አፏን በሻሿ ሸፈነች።

ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። «ይሁን፤ ይህን ለአንቺ ተውኩልሽ። ሕዝቡስ? ይህ ከተማ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጭብጨባ ያሳደገ ነው። ሽማግሌ፣ ነጋዴ፣ ተማሪ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድምፅ የሚጮኸው ለእሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ‹እምቢ አመመኝ› ይበላቸው?»

«ሕዝቡ የሚፈልገው የሚሮጠውን ሙርሺድ ነው፤ የሚያነክሰውን አይደለም። ገና በመጀመሪያው ሩጫ ቢወድቅ ለሕዝቡ ምን ሰጠው? ድንጋጤ ብቻ።»

«ባይወድቅስ?»

«ባይወድቅ ደስ ይለኛል። እንደማይወድቅ ግን ማን ነገረዎ?»

እዚህ ላይ ሙርሺድ ራሱ ተናገረ። እስከዚያ ድረስ የታኬታውን ማሰሪያ ጣቱ ላይ ይጠመጥም ነበር።

«እህቴ፣ የምትይው ሁሉ ይገባኛል። እኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ‹የሚቀጥለው ዓመት አለ› ብዬ እቀመጥ ነበር። ለእኔ ግን የሚቀጥለው ዓመት የለኝም። ቡድናችን ይህን ዋንጫ አንድም ቀን አላነሳም። ይቺ ካመለጠችኝ ሰዎች ‹ድሮ አንድ ሙርሺድ የሚባል ነበር› ይሉኛል። ‹ድሮ› መባልን ነው የምፈራው፤ እግሬንማ ምን እፈራዋለሁ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ይህን ያህል የልቡን ይናገራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። አንባቢ ሆይ፣ ትልቁ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ሕመማችንን የሚያስደብቀን ጀግንነት ይመስለናል እንጂ፣ ከሥሩ ያለው ሰዎች እንዳይረሱን መፍራታችን ነው።

ጽዮናዊት ዱካ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ድምፅዋም ለዘበ።

«ጋሽ ሙርሺድ፣ ዕድሜህን ለመቸኮል ምክንያት አደረግኸው። እኔ ግን ለመታገስ ምክንያት ነው እላለሁ። የሠላሳ ሰባት ዓመት ሰው ጡንቻ እንደ ጎረምሳ ቶሎ አይጠግግም። አሁን ያለህ ስንጥቅ በልምምድና በዕረፍት የሚድን ነው። እንደገና ቢተረተር ግን ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግህ ይችላል። ያኔ ኳሱ ብቻ አይደለም የሚቀርብህ፤ ቁጢጥ ብለህ ሞተር የምትፈታውም ይቀራል። ብትታገስ በሚቀጥለው ዓመት ትጫወታለህ ብዬ ዋስትና አልሰጥህም። ዕድሉ ግን በእጅህ ይቆያል።»

«ልጄ፣ ንግግርሽ ያማረ ነው፣» አሉ ኦቦ ጀቤሳ። «ነገር ግን እግሩን እዩት፤ እብጠቱ ጠፍቷል፣ ሳያነክስ ይሄዳል። ድኗል ማለት አይደለም?»

ጽዮናዊት ፈገግ አለች። «ኦቦ፣ እኔ የሊሙ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ቡና ያሰጣሉ። ላዩ የደረቀ፣ ከነገለባው ያለ ጀንፈል ቡና ሲያመጡልዎ ዝም ብለው ይገዛሉ?»

«ላኪ፣ በፍጹም! ሞኝ አደረግሽኝ? ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ስንት አለ! መጋዘን ሲገባ ሻግቶ ሌላውንም ያበላሻል። እኔ ፈልፍዬ ፍሬውን በጥርሴ ነክሼ ነው የምገዛው።»

«እሺ፤ የሙርሺድን እግር ማን ነከሰው?»

ሾፌሩ ከባጃጁ ሥር ሆኖ ሳቁን ለቀቀው። ዙሀራም ከት ብላ ሳቀች። ኦቦ ጀቤሳም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና «በይ እንግዲህ፣ ንከሺውና አሳዪኝ!» አሉ።

«እኔ አይደለሁም የማሳይዎ፤ እርስዎ ራስዎ ያያሉ።»

ወለሉ ላይ ካርቶን ተነጠፈና ሙርሺድ በሆዱ ተኛ። ጽዮናዊት በጤነኛው እግሩ ጀመረች። ጉልበቱን እንዲያጥፍ አደረገችና ተረከዙን ለኦቦ ጀቤሳ አስያዘቻቸው። «ሙርሺድ ተረከዙን ወደ መቀመጫው ይስባል፤ እርስዎ ደግሞ እንዳይሄድ ይያዙት።» ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ሙርሺድ ሲስብ ኦቦ ጀቤሳ ወደ ፊት ተስበው ጀርባው ላይ ሊደፉ ምንም አልቀራቸውም። «አቤት ጉልበት!» አሉ በኩራት።

ከዚያ የተጎዳውን እግር ያዙ። «ሳብ፣ ጋሽ ሙርሺድ። ሲያምህ ግን አቁም።» ሙርሺድ ሳበ። ጭኑ ተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሩን ነከሰ። ተረከዙ ግን ከሽማግሌው እጅ አላለፈም። ኦቦ ጀቤሳ አንዱን እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱ። በአንድ እጅ ብቻ ያዙት። አሁንም እግሩ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ፊታቸው ተለወጠ። ተረከዙን እንደ ዕንቁላል በጥንቃቄ ካርቶኑ ላይ አሳረፉ።

«እኔ ሽማግሌው በአንድ እጄ ያቆምኩትን እግር፣» አሉ፣ «የአጋሮ ተከላካይ ምን ያደርገዋል? ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ታኬታውን አውልቅ። ልሰጥህ የመጣሁት ስጦታ መስሎኝ ነበር።»

ሙርሺድ ከካርቶኑ አልተነሳም፤ ፊቱን በክንዱ ውስጥ ቀብሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዙሀራ ከበሩ መጥታ ጭንቅላቱ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አንተ ሰው፣» አለችው በቀስታ፣ «ሌሊት ስትገላበጥ ጭንህን ይዘህ ስታቃስት ማን ይሰማሃል? ሕዝቡ ነው ወይስ እኔ? ኳስ ተው አላልኩህም። ስትድን ሂድ፣ እኔም መጥቼ እጮህልሃለሁ።»

«ሜዳ ገብተሽ አታውቂም፣» አለ ሙርሺድ ፊቱን ሳያዞር።

«ስትወድቅ ማየት ስለማልፈልግ ነዋ!»

እሱም እንባውንና ሳቁን ቀላቅሎ ቀና አለ። «በቃ፣ አልገባም። ግን ቤት ተቀምጬ አላለቅስም። ኤልያብን አምጡልኝ።»

ኤልያብ የቡድኑ ተቀያሪ አጥቂ ነው፤ ፈጣን ሆኖ ግብ ፊት ሲደርስ የሚደናገጥ ወጣት። ሙርሺድ በቀሩት ቀናት ሜዳው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጦ ልጁን አሠለጠነው። መቼ መሮጥ እንዳለበት፣ ተከላካዩ ሲደክም በምን እንደሚታወቅ፣ ከመምታቱ በፊት አንዴ መተንፈስ እንዳለበት፣ ሌላ ሰው ሊያስተምረው የማይችለውን ሁሉ ነገረው። ልምድ እግር ብቻ አለመሆኑን ሙርሺድ ራሱ የተረዳው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

እሁድ ደረሰ። ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አጋሮዎች ቀድመው አገቡ፤ ኤልያብ ከዕረፍት በኋላ አንዴ ተንፍሶ መታና አቻ አደረገ። በፍጹም ቅጣት ምት ግን ተሸነፍን። ታሪኩ ምክር እንዲሆን ብዬ «አሸነፍን» ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ የሆነው ግን ይህ ነው።

ሕዝቡ ተቆጣ። አንድ ሌላ የባጃጅ ሾፌር አጥሩ ላይ ወጥቶ «ሙርሺድ ቢገባ ኖሮ እናሸንፍ ነበር! ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት፣ ኦቦ ጀቤሳ!» እያለ ጮኸ። ብዙዎችም አጀቡት። እነዚያ በጋራዡ ውስጥ «ይሰለፍ» ሲሉ የነበሩት ሽማግሌ አሁን ይሸሻሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ወደ አጥሩ ተጠጉ።

«ማሎ፣ እባካችሁ ስሙኝ!» አሉ እጃቸውን አንሥተው። «ምናልባት እናሸንፍ ነበር። እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ጠዋት ባጃጅህ ስትበላሽ ሙርሺድ ቁጢጥ ብሎ ይሠራልሃል። ዛሬ ብናስገባው ኖሮ ነገ ማን ይሠራልህ ነበር? እኛ እኮ ልጁን ስንወደው እንደ በሬ ነው፤ እስኪወድቅ እናርስበታለን። እኔም እንዲህ ነበርኩ። ልጅቷ እግሩን በእጄ አስይዛ አስተማረችኝ። አንተም ካላመንክ ና፣ ያዘውና እየው!»

ሰውየው አጥሩ ላይ እንዳለ የራሱን ጭን ዳበስ አደረገ። አጠገቡ ያለው «ውረድ እንግዲህ፣ አንተም ጡንቻህ ይሰነጠቃል!» ሲለው ሳቅ ፈነዳና ቁጣው በሳቅ ተበተነ።

ከዚያ ወዲህ ነገሮች ተለወጡ። ኦቦ ጀቤሳ በቡድኑ ስብሰባ ላይ አንድ ደንብ አስወሰኑ፤ የተጎዳ ተጫዋች በጭብጨባም በልመናም አይመለስም፣ ጡንቻው ተፈትኖ ብርታቱ ሲረጋገጥ ብቻ ይመለሳል። ጽዮናዊትም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ወጣቶቹን ከጨዋታ በፊት እንዴት ሰውነት እንደሚያሟሙቁ ታስተምር ጀመር። ኦቦ ጀቤሳ ራሳቸው ከዳር ሆነው ጉልበታቸውን ሲያጥፉና ሲዘረጉ ያየ ሁሉ ይስቅ ነበር። አሁን ግን ሀቢቡላህን ጨምሮ ሌሎች ሽማግሌዎችም አጠገባቸው ተሰልፈዋል።

ሙርሺድ ታግሶ ዳነ። በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ ሲከፈት ከዕረፍት በኋላ ገባ። ዙሀራ ሜዳ ስትመጣ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከሴቶቹ ሁሉ በላይ ጮኸች። ሙርሺድ ለኤልያብ አንድ ኳስ አቀበለው፣ ኤልያብም አገባ። ከዚያ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሙርሺድ በድንገት ቆመና እጁን ወደ አሠልጣኙ አነሣ። ተመልካቹ እንደገና የተጎዳ መሰለው። ተጎድቶ አልነበረም፤ ጭኑ መወጠር ሲጀምር ስለተሰማው፣ ማንም ሳያስገድደው «ቀይሩኝ» ማለቱ ነበር።

ቀስ ብሎ፣ ሳያነክስ፣ ወደ ዳር ተራመደ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። ለግብ እንዲህ ሲጨበጨብለት ሰምቻለሁ፤ «በቃኝ» ስላለ ሲጨበጨብለት ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ጉልበትን የሚያስከብረው ማፍሰሱ ብቻ እንዳይደለ፣ መቆጠቡም ክብር እንደሆነ ከተማው ተምሮ ነበር።

ኦቦ ጀቤሳ ወደ እኔ ዞረው «አዩት፣ መምህር?» አሉኝ ዓይናቸው እያበራ። «የሚቀጥለው ሳምንትም ይጫወታል።»