አንድ ሺህ ዘጠኝ ሰልፈኛ

በደርግ ጊዜ ነው። ከአቃቂ ወደ አብዮት አደባባይ ለሰልፍ ልንወጣ ቀበሌው ሰብስቦናል፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ ሰው። ካድሬው በስምንት በስምንት አሰለፈን፤ ጅራት ላይ የቆመው የወሎው ሾፌር ሙሄ ብቻውን ተረፈ። በሰባት በሰባት አደረገን፤ ሙሄ ተረፈ። በዘጠኝ ቢያደርገንም ያው ሙሄ! ካድሬው ዓይኑ ቀላ። "አንተ አድኃሪ! ከሰፊው ሕዝብ ጋር አልሰለፍም ነው?"

ይህ ቃል ያኔ ሰውን የት እንደሚያደርስ ታውቃላችሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና አላስቻለኝም። "ጓድ፣ ጥፋቱ የቁጥሩ ነው። አንድ ሺህ ዘጠኝ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም" አልኩ።

"ማን ፈቅዶለት?"

ሳቄን በሳል ሸፈንኩና "አንድ ሰው ብቻ ቢወጣለት ግን ለሰባትም፣ ለስምንትም፣ ለዘጠኝም እኩል ይካፈላል" አልኩት። ካድሬው ትንሽ አሰበና ባንዲራውን ለሙሄ አስታቅፎ ብቻውን ከሰልፉ ፊት አቆመው።

ነፍስ አዳንኩ ብዬ ምርቃት ስጠብቅ ሙሄ ወደ እኔ ዞረ። "አላህ ይይልህ መምህር! ከኋላ የቆምኩት ሳሪስ አቦ ስንደርስ ሹልክ ልል ነበር። አሁን ይህን ባንዲራ ይዤ የት ልግባ?"