ተማሪ ሆነው የተፈተኑት የሥልጠና ኃላፊ

ሐዘናችንን ለመካፈል የመጣችሁ ወገኖች፣ ጥቂት ጊዜ ጆሯችሁን ስጡን። ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ ትርሓስ መድኃኔ ከአባታቸው ከአቶ መድኃኔ ተስፋይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተሚካኤል ግርማይ በ1930 ዓ.ም. በመቐለ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ አባታቸው በአትክልት ተራ ሽንኩርት እየነገዱ በአራዳ አሳደጓቸው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረውና የልብስ ስፌት ሙያ ቀስመው፣ በ1949 ዓ.ም. ከአቶ አታክልቲ ሐጎስ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ምብራትንና ሙሉዓለምን አፍርተዋል። ደግ ነበሩ፤ ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ግን እንኳን ባዕድ ባለቤታቸውም ቢሆኑ ምሕረት አያገኝም ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ በየሱቁ ይሠሩ የነበሩ ልብስ ሰፊዎች በአንድ ድርጅት ሲሰባሰቡ፣ ወይዘሮ ትርሓስ በትጋታቸው ተመርጠው የሥልጠና ኃላፊ ሆኑ። ይሁን እንጂ ዋናው ጨርቅ ቆራጭ አቶ ቡሽራ ኡመር፣ እንደ ዘመናቸው ባለሙያዎች ሁሉ፣ ሲቆርጡ ለሰው ጀርባቸውን የሚሰጡና ጥበባቸውን ለገዛ ልጃቸው እንኳ ያላሳዩ ሰው ስለነበሩ፣ አርባው ሰፊ እሳቸው የቆረጡትን ከመገጣጠም በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

በ1975 ዓ.ም. በአምስት ኪሎ ለድርጅቶች የሥልጠና ኃላፊዎች በተዘጋጀው የሦስት ወር ኮርስ እንዲካፈሉ ወይዘሮ ትርሓስ ተላኩና፣ በባለዲግሪዎች መካከል ተቀምጠው አንድ ቀን ሳይቀሩ ተከታተሉ። በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ተካፋይ በፈታኞች ፊት አንድ ሙያ ማስተማር ነበረበት፤ የወደቀ ኃላፊነቱን እንደሚያጣም ተነግሯል። ወይዘሮ ትርሓስ አሮጌ ኮት እየፈቱ በራሳቸው የደረሱበትን የእጅጌ አቆራረጥ መርጠው፣ አቶ ቡሽራን ቁጭ ብለው እንዲያዩላቸው ለምነው ይዘዋቸው ሄዱ።

በድንጋጤ፣ ታጥፎ መቆረጥ የነበረበትን ጨርቅ በነጠላው ዘርግተው ቢቆርጡት ሁለቱም እጅጌ የግራ ሆኖ አረፈው። አዳራሹ በሳቅ ሲያውካካ፣ የተበላሸ ጨርቅ ማየት የማይሆንላቸው አቶ ቡሽራ ብድግ ብለው ጠመኔውን ተቀበሏቸው። ወይዘሮ ትርሓስም ቅንጣት ሳያፍሩ ቦታውን ለቀው፣ ከጎን ቆመው፣ ይኼስ ለምን በዚህ ዞረ እያሉ ይጠይቁ ጀመር። አቶ ቡሽራ የኮት ትከሻ እንዳይሸበሸብ የሚያደርገውን፣ ሠላሳ ዓመት የደበቁትን ቅድ በሰው ሁሉ ፊት መግለጣቸውን ያስተዋሉት ከጨረሱ በኋላ ነው።

ፈታኞቹ ወይዘሮ ትርሓስን፣ አስተማሪ መሆን ሲገባቸው ተማሪ ሆነው ቀርበዋል በማለት ጣሏቸው። ወይዘሮ ትርሓስም ኃላፊነታቸውን አስረክበው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ፤ ያን ዕለት ማልቀሳቸውን ባለቤታቸው ይመሰክራሉ። በሰኞው ግን አቶ ቡሽራ ከግድግዳ የተጠጋውን ጠረጴዛቸውን ጎትተው መሀል ቤት አቆሙና፣ ትርሓስ የወደቀችው እኔን አስነስታ ነው፣ በሉ ኑና እዩ ብለው ሰፊዎቹን ጠሩ። የተሻሩት ኃላፊ ከሁሉ ቀድመው ጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ። ወንበሩ ተመልሶ አልተሰጣቸውም፤ እሳቸውም አንድ ቀን አላነሱትም።

ወይዘሮ ትርሓስ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በየካቲት ወር 1981 ዓ.ም. በ51 ዓመታቸው ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናትና የአንዲት ሕፃን አያት ነበሩ። ራሳቸው ቆርጠው ራሳቸው የሚሰፉ አርባ ባልደረቦቻቸውን፣ ከድንኳኑ በር ቆመው የሚያለቅሱትን አቶ ቡሽራን፣ እንዲሁም በእጃቸው የቆረጡላቸውን ኮት ለብሰው በፊታችን ያሉትን ባለቤታቸውን አቶ አታክልቲን ትተውልናል። በሰው ፊት ለመማር ያላፈረችውን ይህችን ነፍስ አምላኳ በቅዱሳኑ ማረፊያ ይቀበልልን፤ አሜን።