ልጁ የተነሣበት ፊልም

አሰላ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ድሮ በቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም ለተመልካች ይተረጉሙ የነበሩት ጋሽ ይገረም አሁን ሬዲዮ በሚጠግኑባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ አዝመራ ላፕቶፕ አቅፋ ለሦስተኛ ጊዜ መጥታለች።

አዝመራ፦ ዛሬ እንኳ አላውቀውም ብለው አይመልሱኝ ጋሽ ይገረም። ትናንትም እንዲሁ ብለው ነው የሸኙኝ፣ ከትናንት ወዲያም።

ይገረም፦ የማላውቀውን አውቃለሁ ልበልሽ? በቀን ሁለት፣ እሑድ እሑድ ሦስት ፊልም ስተረጉም ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ጭንቅላቴ ውስጥ ገንፎ ሆኗል። እስቲ ያቺን መፍቻ አቀብዪኝ።

አዝመራ፦ እንኩ። እናትየዋ ባሏ የሞተባት ናት።

ይገረም፦ በህንድ ፊልም ባሏ ያልሞተባት እናት የት አለች?

አዝመራ፦ አንድ ልጅ ነው ያላት። ወታደር ይሆናል።

ይገረም፦ ወይ ወታደር ነው ወይ ሌባ። ሌላ የላቸውም።

አዝመራ፦ ሲሄድ ቀይ ሻርፕ አንገቱ ላይ ታስርለታለች። የገመድ ድልድይ ተሻግሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እዚያ ድልድይ ጫፍ ላይ ሄዳ ትቀመጣለች፣ ፍየሏም አብራት። በመጨረሻ ልጁ ሲመለስ ድልድዩ መሃል ላይ በጥይት ይመቱታል። ይወድቃል። ከዚያ ይነሣል።

ይገረም፦ ይሄን እኔን ከምትጠይቂ ፊልም የሚጭኑትን አትጠይቂም? ኢንተርኔት የሚሉት ነገር አላቸው፣ የማያገኙት የለም።

አዝመራ፦ ያልዞርኩበት የለም። መጀመሪያ አዲሱን ሰጡኝ፣ እንደገና የተሠራውን። እማዬ አልጋ አጠገብ ከፍቼ አሳየኋት። ብዙም ሳታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይቺ እናት አይደለችም፣ ጥፍሯን አላየሽም ወይ፣ ልጇን ጦር ሜዳ ልካ ጥፍር ትቀባለች ወይ ብላ ተቆጣችኝ። ድልድዩን ደግሞ የሲሚንቶ አድርገውታል። ፍየሏንም ውሻ አድርገዋታል።

ይገረም፦ ውሻ? አይ እነዚህ ሰዎች። አደስነው ይሉና ነፍሱን አውጥተው ልብሱን ብቻ ያስቀራሉ። ውሻማ ጌታውን ቢያውቅ ምን ይደንቃል? በድሮው እኮ ኮቴውን ቀድማ የሰማችው ፍየሏ ናት። ሣሩን ትታ፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ...

አዝመራ፦ ጋሽ ይገረም።

ይገረም፦ አቤት።

አዝመራ፦ አላውቀውም ብለውኝ ነበር።

ይገረም፦ ...ሰው ሲያረጅ አፉ ይቀድመዋል።

አዝመራ፦ የድሮውንም አግኝቼዋለሁ። እዚሁ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ለእማዬ ከማሳየቴ በፊት ብቻዬን አየሁት። ሻርፑ አለ፣ የገመዱ ድልድይ አለ፣ ፍየሏም አለች። ልጁ ግን ይወድቃል፣ አይነሣም። በአዲሱም አይነሣም። እማዬ ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ስትነግረን የኖረችው ተነሥቶ «እማ መጣሁ» አላት ብላ ነው። ሦስተኛ ፊልም ይኖራል ወይ ብዬ ነው የምመላለሰው።

ይገረም፦ ቢኖርስ ምን ሊረባሽ? የታመመች አሮጊት ናት። ተነሣ ካለች ተነሣ በያት፣ ምን ይጎዳሻል።

አዝመራ፦ ምን ይጎዳሻል? እንግዲያው ልንገርዎት። ወንድሜ ጌጡ ፊልሙ እዚህ በታየበት ዓመት ዘምቶ ነበር። እማዬ ያንን ፊልም ካየች በኋላ፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ መርዶ ነጋሪዎቹ ጎህ ሲቀድ በራችን ላይ ቆሙ። ሳትከፍትላቸው፣ ልጄ ይወድቃል እንጂ አይሞትም፣ በዓይኔ አይቻለሁ ብላ መለሰቻቸው። ድንኳን አልተጣለም። ፍትሐትም አልተደረገለት። ማንም ደፍሮ ነፍስ ይማር አላለን። አባዬ ልጁን ሳያለቅስ አረፈ። አሁን እሷንም ሐኪሞቹ ቤቷ ትሁን ብለው መልሰዋታል። ደከመኝ ጋሽ ይገረም። ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ ጌጡን እንድታለቅስልኝ ነው የምፈልገው። እሷ ካለፈች እኔ ብቻዬን ምን ብዬ ነው ድንኳን የምጥለው?

ይገረም፦ የእታለማሁ ልጅ ነሽ? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት?

አዝመራ፦ አዎ። ያውቋታል?

ይገረም፦ እዚህ ከተማ ውስጥ ከእሷ ሌላ መንገድ እየለወጥኩ የሸሸሁት ሰው የለም።

አዝመራ፦ አንድ ነገር አለ። የሻርፑን ቀለም ታስታውሳለች። የፍየሏን ጆሮ ታስታውሳለች። ሲነሣ ምን ይመስል ነበር ብዬ ስጠይቃት ግን ሰውዬው ነው የነገረኝ ትላለች። እርስዎን ማለቷ ነው።

ይገረም፦ በይ ያንን በርጩማ ሳቢና ተቀመጪ። እኔ ህንድኛ የት አባቴ አውቄ! አንዲት ቃል አላውቅም። ካሴቱ ሲመጣ ጠዋት ብቻዬን አየዋለሁ፣ ፊታቸውን አይቼ ነገሩን እገምታለሁ፣ ከሰዓት ማይክ ይዤ እተረጉማለሁ። ሰዉም ያውቃል፣ ግን ደስ ብሎት ይሰማል። የዚያን ቀን ግን ከናዝሬት የሚመጣው አውቶቡስ ጎማ ፈንድቶበት ካሴቱ ዘግይቶ ደረሰ። ሳላየው ነው ማይክ የያዝኩት። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ሽፋኑ ላይ የወታደር ልብስ ሲያይ ጊዜ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «ዘማቹ ልጅ» ብሎ ጽፎ ደጅ አወጣው። ሌላ ቀን የጎረምሳ መዋያ የነበረ ቤት በነጠላ ሞላ። እናቶች ናቸው ሁሉም። ልጆቻቸው ግንባር ያሉ።

አዝመራ፦ እኔም ነበርኩ። እማዬ ጭን ላይ።

ይገረም፦ እያየሁ እተረጉማለሁ፣ እየተረጎምኩ እፈራለሁ። ልጁ ወደቀ። ሞተ አላልኩም። ያን ጊዜ እናትሽ ብድግ አለች። አልጮኸችም። ለትምህርት እንደሚቀሰቅሱት ልጅ በለሆሳስ «ተነሥ ልጄ» አለችው። እሱን ነው ያለችው፣ እኔን ግን የጠየቀችኝ መሰለኝ። ማይኩ እጄ ላይ ነው፣ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው እኔን ያያሉ። «ተነሣ» አልኩ። አላስቻለኝማ። አልኩና የቪዲዮ ዴኩ፣ ማይኩና ቲቪው የተሰኩበትን ገመድ በእግሬ ነቀልኩት፣ ሁሉም ባንዴ ጠፋ። መብራት ሄደ ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ በባዶ ድምፄ ጨረስኩላቸው። ድልድዩን ተሻገረ፣ እግሯ ላይ ወደቀ፣ «እማ መጣሁ» አላት አልኩ።

አዝመራ፦ እልልታውን አስታውሰዋለሁ። እኔም እልል ብያለሁ።

ይገረም፦ አየሽ፣ ሦስተኛ ፊልም የለም። እኔ ነኝ።

አዝመራ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእርስዎ ምነው ሃያ አምስት ዓመት እያደር ከበደ? እኛን ምን እንዳደረጉን ያውቃሉ?

ይገረም፦ ለእኔስ መቼ ቀለለኝ? ሴቶቹ መንገድ ላይ እያስቆሙ ያንን ፊልም መቼ ትደግመዋለህ ይሉኛል። መርዶ የመጣባትም፣ ያልመጣባትም። ዓመት አልሞላኝም፣ ማይኩን አስረክቤ እዚህች ሣጥን ውስጥ ገባሁ። ሬዲዮ ደግ ነው፣ ራሱ ይናገራል።

አዝመራ፦ እንግዲያው ይነሡና ይምጡ። ለእኔ የነገሩኝን ለእሷ ይንገሯት።

ይገረም፦ አልችልም። ነፍሷ ልትወጣ ለደረሰች እናት ልጅሽ የለም ልበላት? ሌላ ሰው ፈልጊ።

አዝመራ፦ ሌላ ሰው ቀርቷል እንዴ? የነፍስ አባቷ ነገሯት፣ ለሳቸው ጠበል ጠዲቅ አቅርባ አሰናበተቻቸው። አብረውት የዘመቱት መጥተው ነገሯት፣ ልጆቹ ተደናግጠው ነው አለች። እኔ ብነግራት ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ናት። ያመነችው አንድ የእርስዎን አፍ ብቻ ነው።

ይገረም፦ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ... አይ፣ ይቅር። እንዲህ ያለ ተረት ማን እንዳወጣው እንጃ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቆጪ። የእታለማሁ ልጅ ሐዋሳ ጥሩ ሥራ አግኝታ ሳትሄድ ቀረች ሲሉ ሰምቻለሁ። ያኔ እናትሽ ጤነኛ ነበረች፣ ገበያ ስትወርድ አያታለሁ። ለምን ቀረሽ?

አዝመራ፦ እማዬስ ከአክስቴ ጋር እኖራለሁ ብላ ነበር። ቤቱን እናከራየው አለችኝ እንኳ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። እኛን የማያውቅ ተከራይ በር ከፍቶለት፣ እዚህ ቤት እንዲህ የሚባሉ የሉም ቢለውስ ብዬ...

ይገረም፦ ማንን ቢለው?

አዝመራ፦ የሚመጣውን ነዋ።

ይገረም፦ ማንን ነው ልጄ?

አዝመራ፦ ሬሳ ያየ የለም እኮ ጋሽ ይገረም። አብረውት የዘመቱት እንኳ ሲወድቅ ነው ያየነው አሉ። ሲወድቅ። ያንን ስሰማ እኔ ምን አልኩ መሰለዎት? ቢወድቅስ አልኩ።

ይገረም፦ ተነሽ እንሂድ። ሱቁን ልዝጋው። የሚሆነው ይሁን፣ ለእናትሽ እነግራታለሁ።

አዝመራ፦ ቆይ። ይቀመጡ። ለእማዬ ከመንገርዎ በፊት ለእኔ ይንገሩኝ። የፊልሙን ልጅ አይደለም። ያኔ በጨለማው ውስጥ በነገሩን በዚያው ድምፅዎ ይንገሩኝ፣ ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም። ጌጡ ተነሣ?

ይገረም፦ አልተነሣም ልጄ። እዚያው ነው የቀረው።