መጅ ተሸክሜ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ስሙኝ እንግዲህ፣ በእኛ ጊዜ የተማሪ ሕግ በወረቀት አይታደልም ነበር። ሕጉ የኔታ ናቸው፤ አለቀ። ሲገቡ ትነሳለህ፣ ሲቀመጡ ጉልበት ትስማለህ፣ ሲናገሩ ትሰማለህ። አንቺ የልጅ ልጄ ማህሌት ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ይዘሽው የመጣሽውን ወረቀት ሳይ ነው ሳቄ የመጣ። አሥራ ሦስት ሕግ! አሥራ ሦስተኛዋን እስቲ ድገሚያት፣ ታሪኬን የሚጽፈው ይኼ ልጅም ይስማ። «በፈተና ሰዓት የሌላ ተማሪ ስህተት ያየ ዝም ይበል።» አየህ? ይህች ሕግ የወጣች በእኔ ነው። አትሳቅ! ጻፍ ነው የምልህ፣ ሳቁን ኋላ ትደርስበታለህ።

እኔ ደንቢያ፣ ቆላ ድባ አጠገብ ነው የተወለድሁ፤ ያደግሁትም በቤተ ክህነት ትምህርት ነው፤ ኋላም መሪጌታ ተብያለሁ። ታዲያ የእኛ ዜማ ቤት አንድ ደንብ ነበረው፤ ጓደኛህ ሲሳሳት ሰምተህ ዝም ካልህ አንተም ተሳስተሃል። የኔታ ዓይናቸው አያይም፣ ጆሯቸው ግን ጉድ ነው! አንዱ ሲስት «ማነው ከጎኑ የተቀመጠው?» ይላሉ። «እኔ ነኝ የኔታ።» «ስህተቱን ሰምተሃል?» «ሰምቻለሁ የኔታ።» «ታዲያ አፍህን ምን ዘጋው? ጓደኛህ ገደል ሲገባ ቁመህ ታያለህ? በሉ ሁለታችሁም ከመጀመሪያው!» እና ሁለታችንም ከመጀመሪያው። እንዲህ እየተቀጣሁ ነው ያደግሁ፤ ስህተት ካየሁ አፌ አይዘጋም። ባለቤቴን ጠይቋት።

ታዲያ ልጆቼ ሁሉ ተምረው ከወጡ በኋላ፣ በስድሳ ሁለት ዓመቴ፣ እኔም ዩኒቨርሲቲ ልግባ አልሁ። አሥራ ሁለተኛን በማታ ጨርሻለሁ፣ ምን ጎደለኝ? ባለቤቴ ወይዘሮ አበበች፣ «በስመ አብ! ሽበትህን ይዘህ ከልጆች ጋራ?» አለች። «ሽበቴን ወዴት ልተወው?» አልኋት። እና የቅዳሜና እሁዱን ተመዘገብሁ፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ።

በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ገቡ። ዳንኤል ይባላሉ፣ ልጅ እግር ናቸው፣ የመጨረሻ ልጄን ቢያክሉ ነው። እኔ ብድግ አልሁ። ከእኔ ሌላ የተነሳ የለም! ሠላሳ ልጅ ስልኩን ይነካካል፣ እኔ ብቻዬን ተገትሬያለሁ። «ይቀመጡ አባት» አሉኝ። «እርስዎ ሳይቀመጡ፣ የኔታ?» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ! እሳቸው አፍረው፣ «እባክዎ መሪጌታ፣ የኔታ አይበሉኝ፣ ዳንኤል በሉኝ» አሉ። እኔ የሚያስተምረኝን ሰው ስሙን ልጠራ? ሞቼ ነዋ! የኔታ እንዳልሁ ትምህርቱ አለቀ።

ያን ዕለት ነው እንግዲህ ወረቀቱን ያደሉን። ያን ጊዜ ሕጉ አሥራ ሁለት ነበር። አሥር ደቂቃ ያረፈደ አይገባም፣ ስልክ ይዘጋል፣ የቤት ሥራ በቀኑ ይመጣል፣ እያለ ይሄዳል። ልጆቹ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እኔ ግን የተጻፈ ነገር ከተሰጠኝ በቃሌ መያዝ ነው የማውቅ፤ ወደ ማምሻው ጣና ሐይቅ ዳር እየተመላለስሁ እንደ ውዳሴ ማርያም ደገምሁት። በሦስት ቀን ከነነጠላ ሰረዙ ያዝሁት። በኋላ የጠቀመኝ ይኼ ነው፣ ልብ አድርጉ።

ከጎኔ ሊዲያ የምትባል ልጅ ነበር የምትቀመጥ። አባቷ መካኒክ ነው፣ ለፋብሪካ ሥራ ከአዳማ ቤተሰቡን ይዞ የመጣ፤ ልጅቱ ላገሩ እንግዳ ናት። ጎበዝ ናት፣ ግን በፊተኛው መንፈቅ ታማ ውጤቷ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። «መሪጌታ፣ አሁን አንድ ኮርስ ከወደቅኩ ያባርሩኛል፤ አባቴን ምን ብዬ አየዋለሁ?» ብላኛለች። ነግራኛለች እኮ! እያወቅሁ ነው ያን ጉድ የሠራሁ።

ኮርሱ የጣና አካባቢ ጂኦግራፊ ነው። ፈተናው መጣ፣ ተቀመጥን። መጨረሻው ጥያቄ «ወደ ጣና የሚገቡ አራት ትልልቅ ወንዞችን ጻፍ» ይላል። ይኼም ጥያቄ ሆኖ? ለእኔ የጎረቤቶችህን ስም ቁጠር እንደ ማለት ነው! ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ። ጻፍሁና ብድግ አልሁ። ወረቀቴን ላስረክብ ሳልፍ ዓይኔ ሊዲያ ወረቀት ላይ ዐረፈ። ግልገል አባይ ብላለች፣ ደግ። ጉማራ ብላለች፣ ደግ። ርብ ብላለች፣ ደግ። አራተኛው ላይ፣ በለስ! ኧረ በለስ! በለስማ የጣናን ውሃ ይወስዳል እንጂ መች ያመጣል? እና መገጭ የለም። መገጭ እኮ ዋና የተማርሁበት፣ እናቴ ልብስ ያጠበችበት ወንዝ ነው! ምን ልበላችሁ፣ አፌ አመለጠኝ። «ኧረ ልጄ! መገጭስ? መገጭ ወዴት ሄደ?» ብዬ ጮኽሁ። በዜማ ቤት ድምፅ ነው፣ በር ላይ ያለው ዘበኛ ሰምቷል።

 ከዚያ የሠላሳ ልጅ እስክርቢቶ ባንዴ ቸር ቸር ቸር!

«እስክርቢቶ አስቀምጡ!» አሉ መምህር ዳንኤል። ወረቀቱን ሁሉ ሰበሰቡና ወደ እኔ መጡ። «መሪጌታ፣ ሕግ ቁጥር ሰባትን ያውቋታል?» «በቃሌ» አልሁ። «እስቲ ይበሏት።» «በፈተና ክፍል መልስ የሰጠና የተቀበለ፣ ሁለቱም ዜሮ ያገኛሉ።» «እንግዲያው እርስዎና ሊዲያ ዜሮ ናችሁ» አሉ። ሊዲያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ድሮ ዝም ብዬ ተቀጣሁ፣ አሁን ተናግሬ አስቀጣሁ፤ እንዲህ ያለ ዕድል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ያን ቀን እህል አልወረደልኝም። በእኛ አገር ታዲያ በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቅ። እሺ፣ ድንጋዩ ከየት ይምጣ? ሹም አቦ ሰፈራችን ያለው ሁሉ ኮብልስቶን ነው፤ የመንግሥት መንገድ ነቅዬ ልሂድ? ወደ ጓዳ ገባሁና የወፍጮዋን መጅ አነሳሁ። ወይዘሮ አበበች ደረሰችብኝ። «መጄን ወዴት ነው?» «ዩኒቨርሲቲ።» «ምን ሊሠራ?» «ይቅርታ ልጠይቅበት።» «በርበሬዬስ?» «በርበሬው ከይቅርታው በኋላ ይደርሳል» ብያት ወጣሁ።

በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመኝ። «አባት፣ መታወቂያ።» አሳየሁት። «ትከሻዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?» «መጅ ነው።» «እዚህ ግቢ ወፍጮ የለም አባት፤ እኛ ጋ የተፈጨ ነው የሚመጣ።» «የምፈጨው የለኝም ልጄ፣ ጥፋት አለብኝ» አልሁት። የእኛው አገር፣ የአንበሳሜ ሰው ነውና ወዲያው ገባው፤ ቆቡን አወለቀና፣ «ይለፉ፣ እግዜር ያስምርልዎ» አለኝ።

ቢሮ ስገባ መምህር ዳንኤል ከወንበራቸው ዘለሉ። «መሪጌታ! ኧረ ያውርዱት! ሰው ምን ይለኛል?»

«ማርሁ ካላሉኝ አላወርድም።»

«እርስዎን ምሬያለሁ፣ ያውርዱት!»

«ለእኔ አይደለም! የእኔ ዜሮ ትጽና። የልጅቱን ነው የምለምን።»

«በእጄ አይደለም መሪጌታ፣ ሕጉ ሁለቱም ይላል።»

«የለም የኔታ፣ ሕጉ እንዲህ አይልም» አልሁ፣ አንገቴ ሊቀነጠስ ደርሷል። «የሰጠና የተቀበለ ነው የሚል። እኔ ሰጥቻለሁ። እሷ ተቀብላለች ወይ? እስቲ ወረቀቷን ያውጡት።»

አወጡት። አዩት። አራተኛው ላይ በለስ! አልተሰረዘም፣ አልተነካም። ልጅቱ ያን ጊዜ ደንግጣ እስክርቢቶዋ ከእጇ ወድቋል፤ መገጭን ሰምታ መገጭን አልጻፈችም። ስህተቷ ምስክር ሆነላት! «እስቲ የሌሎቹንም» አልሁ። አንዱን ገለጡ፣ የነበረው ተሰርዞ መገጭ። ሌላውን ገለጡ፣ መገጭ። አንዱማ አራቱን ጨርሶ ሳለ ለማንኛውም ብሎ በአምስተኛ ደረጃ መገጭ ጨምሯል! አንዱ ደግሞ ቸኩሎ ስሙን የሚጽፍበት ላይ መገጭ ብሎ አስገብቷል። መገጭ፣ መገጭ፣ መገጭ! ቢሮው በመገጭ ሞላ።

«እንግዲህ የኔታ» አልሁ፣ «በሕጉ ከሄድን ዜሮው ለሌሎቹ ሁሉ ነው፤ ነጻ የምትወጣው እርስዎ የቀጧት ብቻ ናት።»

እሳቸው የወረቀቱን ክምር አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያማ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ሳቁ! ተነሥተው በገዛ እጃቸው መጁን ከትከሻዬ አወረዱልኝ፣ «ይኼን ያህል ይከብዳል እንዴ?» እያሉ። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ መጁ ሲወርድ ነው ወይስ ልጅቱ ስትድን፣ እሱን አላውቅም።

በሳምንቱ የሊዲያ ዜሮ ተነሳላት፣ ያችም ጥያቄ ለሁሉም ተሰረዘች። «የእርስዎንስ ላንሳልዎ?» አሉኝ። «የለም፣ እኔ ሰጥቻለሁ» አልሁ። እና ኮርሱን በዓመቱ ደገምሁት። ከመጀመሪያው! እንደ ልጅነቴ፣ ከመጀመሪያው። ገብቼ ተቀመጥሁ፣ አይ፣ ቆምሁ፣ ወረቀቱ ታደለ፤ ሕጉ አሥራ ሦስት ሆኗል። አሥራ ሦስተኛዋን ሲያነቡ መምህር ዳንኤል ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። አዲሶቹ ልጆች ምን እንደሚያስቀን አልገባቸውም።

ሊዲያማ ተመረቀች። በሳምንቱ ገበያ ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፣ እሷ ናት። «መሪጌታ፣ የት እንዳለሁ ይገምቱ!» አለች። አባቷን ይዛ በቆላ ድባ በኩል ወርዳ፣ ሰው ጠይቃ፣ ወንዙ ዳር ቁማለች፤ የውሃው ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። «መገጭ ወዴት ሄደ ብለውኝ ነበር፤ የትም አልሄደም፣ እዚሁ ነው!» አለችኝ። አለቀስሁ። ምን እዋሻለሁ፣ እዚያው ገበያ መካከል ቁሜ አለቀስሁ።

(የልጅ ልጃቸው ማህሌት ወረቀቱን እያጠፈች፣ «እኔስ አባባ? ፈተና ላይ መገጭን ብረሳ ዝም ይላሉ?» አለቻቸው።)

ዝም እላለሁ! ሕጉ በእኔ የወጣ አይደለም? ዝም ነው። መስኮቱ ሥር ቁሜ ሳለሁ ሳል ቢይዘኝ ግን ምን አደርጋለሁ፣ የሽማግሌ ነገር ነው። እስቲ አሥራ ሦስቱንም ተመልከቻቸው፣ ሳል የሚከለክል አለ?

«የለም፣ አባባ።»

እንግዲያ!